ዛሬ ማየት ብቻ

የቤታችን ጣሪያ ያፈስ ነበር። ያፈስ ነበር ስላችሁ ዘንድሮ የጀመረው እንዳይመስላችሁ፤ ቀዳዳው ከመጨረሻ ልጄ በዕድሜ ይበልጣል። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ሲል የሻይ ኩባያ አስቀመጥንለት። ቀጥሎ ጎድጓዳ ሳህን መጣ፣ ቀጥሎ ባልዲ፣ በመጨረሻ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ደረስን። አልጋውም ከግድግዳው ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ በሩ እየተሰደደ ሄዶ ሄዶ በር ስንከፍት እግሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ክፍል ውስጥ ከቀዳዳው በስተቀር ከቦታው ያልተነቃነቀ ነገር የለም።

ባለቤቴ በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ታስታውሰኛለች። «አንተ ሰው፣ ክረምት እየመጣ ነው» ትላለች። እኔም «ገና ሙቀቱ አልወጣልንም፤ ምን አስቸኮለሽ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እላታለሁ። ሐምሌ ላይ ሳፋው ሞልቶ በሌሊት ምንጣፉ ላይ ሲገለበጥ ደግሞ «ታዲያ በዚህ ዝናብ ማን ጣሪያ ላይ ይወጣል? ተንሸራትቶ ይሙት ነው የምትይው?» እላለሁ። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ነገሩ ራሱ የለም። የማያፈስ ጣሪያ ማን ይጠግናል? እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፣ ይህ አስተሳሰብ ቀዳዳ አለው? ቀዳዳ ያለው ጣሪያው ነው እንጂ!

ሰነፍ ነህ እንዳትሉኝ። እኔ ሥራ አልጠላም። እንዲያውም አንድ የማይቀር ሥራ ፊቴ ሲገተር እንደኔ ታታሪ አይገኝም፤ ብቻ የምሠራው ያንን ሥራ አይደለም። የጣሪያው ነገር በተነሳ ቁጥር በቤታችን ያልተወለወለ ጫማ፣ ያልተሳለ ቢላ አይቀርም። አንድ ጊዜ ባለቤቴ «ቅዳሜ ጣሪያውን» ብትለኝ በዚያው ቅዳሜ በማለዳ ተነስቼ፣ ዘመን ያለፋቸውን የእናቴን የአክስት ልጅ ልጠይቅ አቃቂ ድረስ ወርጃለሁ። ሴትዮዋ በር ከፍተው ሲያዩኝ ደረታቸውን ይዘው «ማን ሞተ?» አሉኝ። ማንም አልሞተም፤ ናፍቀውኝ ነው ብላቸው አላመኑኝም። ቡና አፍልተው፣ ቂጣ ጋግረው፣ እስክወጣ ድረስ መርዶውን ይጠብቁ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ስኖር መሥሪያ ቤታችን የካይዘን ስልጠና አመጣብን። ካይዘንን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጃፓን የመጣ ትምህርት ነው። ፋብሪካውንም ቢሮውንም በአንድ ጀምበር ልለውጠው ሳትል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አሻሽል ይላል። ማሳአኪ ኢማይ የሚባሉ ጃፓናዊ በፈረንጆቹ 1986 ስለሱ መጽሐፍ ጽፈው ለዓለም አስተዋወቁት። እኛ አገር ደግሞ መጀመሪያ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ለጉዳይ የሄደ ሰው አምስቱን «ማ»ዎች ከግድግዳ ላይ ሳያነብ የተመለሰ አይመስለኝም፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ወረፋ ሲጠብቁ ምን ሌላ ይነበባል? እኛም ቢሮ ተለጥፈዋል። በእኔ ጠረጴዛ ስር ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር አራት ማዕዘን ተሠርቶ «የቆሻሻ ቅርጫት ቦታ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቅርጫቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቦታው ግን በክብር ተጠብቆ ይኖራል።

አሰልጣኛችን ረጋ ያለ ወጣት ነው። «ትልቅ ሥራ የሚያስፈራችሁ ትልቅ ስለሆነ ነው» አለን። «ቆራርጡት። የመጀመሪያውን ቁራጭ ‹ይቺማ ምን አላት› እስክትሉ ድረስ አሳንሱት። ከቤታችሁም አንድ ያስቸገራችሁን ነገር ይዛችሁ ሞክሩና ውጤቱን ንገሩን።»

ዓይኔ በራ። ሥራን ሳይሠሩ የሚሠሩበት መንገድ እንዳለ እስከዚያች ቀን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠች የሥራ ባልደረባዬ የባሰ ነገር አሳየችኝ። አንድ ጣሊያናዊ፣ ፍራንቸስኮ ቺሪሎ የሚባል፣ ተማሪ ሳለ ጥናት አልገፋ ቢለው በቲማቲም ቅርጽ የተሠራች የወጥ ቤት ሰዓት ፊቱ ላይ አስቀምጦ የፈጠረው ዘዴ ነው አለችኝ። 25 ደቂቃ ትሠራለህ፣ 5 ደቂቃ ታርፋለህ፤ እንደገና 25 ትሠራለህ። ስልኬ ላይ ጫነችልኝና ሞከርኩት። ጥሩ ነገር ነው። እኔ ግን ከእረፍቱ ጀመርኩና ወደ 25ቱ የሚያሻግረኝ አጣሁ።

እዚህ ላይ ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ነገሩ ለእኛ አዲስ ነበር ወይ? አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ዳዊት ሲደግሙ 150ውን መዝሙር በአንድ ቁጭታ ልወጣው ብለው አያውቁም። በሰባቱ ቀን ተከፍሎ የተሰናዳ ነውና የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ ይሉታል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ መዝሙሩም ያልቃል። ባለቤቴም ፍሪጃችንን የገዛችው በእቁብ ነው። ከእጇ የወጣው ገንዘብ በየሳምንቱ ሲታይ የሽንኩርት መግዣ ነበር፤ እጣው ሲወጣ ፍሪጅ ሆነ። ግን እቁብተኛ የሚከፍለው መዋጮው ትንሽ ስለሆነች ብቻ ይመስላችኋል? እሁድ እሁድ ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ደብተሩ አለ፤ ያልከፈለ ሰው በሰው ፊት ስሙ ይጠራል። እጣ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ብር አይነካም። አሰልጣኛችን ስለ ዳኛና ስለ ዋስ ምንም አላነሳም። እኔም አላስታወስኩትም፤ ለራሴ ጠላት ነኝ እንዴ?

ያን ዕለት ማታ እራቴን ጎራርሼ ደብተርና ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰንጠረዥ አሰመርኩ። በሰማያዊ ጀምሬው ነበር፣ ርዕሱ በቀይ ቢሆን ይሻላል ብዬ ቀይ እስክሪብቶ ልገዛ ወደ ሱቅ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ ጣሪያውን መቆራረጥ ጀመርኩ። መሰላል ያለው ሰው ማን እንደሆነ ማሰብ። መሰላል ያለውን ሰው ማነጋገር። መሰላሉን ማምጣት። መሰላሉን የት ማቆም እንደሚሻል ማጥናት። ወጥቶ ማየት። ያዩትን መመዝገብ። የምስማር ዋጋ መጠየቅ። ስለ መዶሻ መወሰን።

«ስለ መዶሻ ምኑን ነው የምትወስነው?» አለች ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ እያነበበች። «መዶሻ አለን እኮ።»

«መቆራረጥ ነው የተባልነው።»

«እሺ፣ ምስማር መምታት የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ገልብጪው።»

ገለበጠችው። ከጀርባ፣ ከታች ጥጉ ላይ ነበር፤ መስመር አልቆብኝ በህዳጉ ላይ ሽቅብ ወደ ጎን ነው የጻፍኩት። አንገቷን ዘመም አድርጋ አነበበችውና ደብተሩን መለሰችልኝ። «ይሁን እንግዲህ» አለች፣ «ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።» ልታበረታታኝ ይሁን ልታሾፍብኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በሰፈራችን ደህና መሰላል ያለው እድሩ ብቻ ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን፣ መሰላሉን የሚይዙት ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ስሄድ ሰላምታዬን እንኳ ሳይጨርሱልኝ ደብተራቸውን ገልጠው ያልከፈልኩትን የወር መዋጮ ከነቅጣቱ ተቀበሉኝ። መሰላል ልዋስ ሄጄ የኪሴን አራግፌ ተመለስኩ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ።

«መሰላሉ የተገዛው ለድንኳን ነው።»

«አውቃለሁ ሃምሳ አለቃ። ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው።»

«ሰው ከሞተ መጥቼ እወስዳለሁ። ማንንም አልጠይቅም።»

«ኧረ እግዜር ይጠብቀን!»

«እግዜር ይጠብቀን። እኔ ግን እወስዳለሁ።» አስፈረሙኝ። ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝና «ከታች በኩል ያሉት እማማ ጠንቶባቸዋል፤ ጠይቀሃቸዋል?» አሉኝ።

«ነገ ተነገ ወዲያ እሄዳለሁ።»

«ነገ» አሉና ትንሽ አዩኝ። በሩን ዘጉት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ ስለነበርን ሰማዩ ግማሹ ብሩህ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ባለቤቴ ገበያ ወጥታለች። መሰላሉን በጓሮ በኩል፣ ለቅያሱ በሚቀርበው ግድግዳ ላይ አቆምኩት፤ አጥንቼዋለሁ። ልጄ ኳሱን በብብቱ ይዞ የመሰላሉን እግር ደገፈልኝ።

«አባዬ፣ መዶሻውን ላቀብልህ?»

«አይ። ዛሬ ማየት ብቻ ነው።»

«ምስማሩንስ?»

«ማየት ብቻ አልኩህ! መዶሻ ሌላ ቀን ነው።» ስልኬንም ቤት ውስጥ ትቼዋለሁ፤ ለማየት ስልክ ምን ያደርጋል? ጣሪያው ላይ ስደርስ ልጁ ትከሻውን ሰብቆ ኳሱን ሊጫወት ሄደ።

የራስን ጣሪያ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ማን እንደወረወረው የማይታወቅ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የተነፈሰ ኳስ፣ አሞራ ጥሎት የሄደ አጥንት፣ ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳያነሳው የተጫነ አሮጌ የመኪና ጎማና ጥቂት ድንጋዮች አሉ። ከአልጋችን ድሮ ቦታ በላይ በግምት ዳሁና አገኘኋቸው፤ ሁለት ምስማሮች አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ እንዲህ ሲል እየከረመ ምስማሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከምስማሩ ራስ ስር ያለችው ጎማ ደርቃ ተሰነጣጥቃ፣ በጣቴ ብነካት እንደ ጥቀርሻ ፈረሰች። የጥንቱ አናጢያችንም የራሱን አዋጥቷል። ምስማር መመታት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ እሱ ውሃው በሚወርድበት ቦይ መሀል ቸንክሮታል። በቃ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ክረምት ከአልጋችን ጋር የተሰደድነው ሁለት ምስማር ሸሽተን ነው።

ደብተሬን አውጥቼ መዘገብኩ። «ማየት» የሚለው ላይ በቀይ ምልክት አደረግኩበት። ደስ አለኝ! ምን እንደሠራሁ ባላውቅም የሠራ ሰው ደስታ ተሰማኝ። ለመውረድም አልቸኮልኩም፤ ጫፉን ተሻግሬ በወዲያኛው ተዳፋት ፀሐይ ላይ ቁጭ አልኩ። ከጎረቤት ጓሮ፣ በአሮጌ ካርቶን ውስጥ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። አየኋት። ብትጠብቋት ብትጠብቋት አትነሳም። ዶሮ እንቁላሏን የምትታቀፈው 21 ቀን ነው፤ ለጥሬና ለውሃ ካልሆነ ንቅንቅ የለም። ያን ተረት የተረተው ሰው በእግሩ ስለሄደው እንቁላል ነግሮን፣ ስለ እሷ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ማለፉ ገረመኝ። ይህን ለባለቤቴ ልነግራት ወስኜ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ሳለሁ ከታች ሰፈር «ወይኔ! ወይኔ እናቴን!» የሚል ጩኸት ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ከጓሮ በኩል የእንጨት ኳኳታ ሰማሁ። በዳዴ ጫፉን ተሻግሬ ቁልቁል ባይ መሰላሉ የለም። ሁለት ጎረምሶች ከወዲያና ከወዲህ ተሸክመውት ቅያሱን ይታጠፋሉ፣ ሃምሳ አለቃ የድንኳኑን ገመድ በትከሻቸው አንጠልጥለው ከፊት ይመራሉ። ማንንም አልጠየቁም፤ እንደተናገሩት ነው።

«ሃምሳ አለቃ!» ብዬ ጮህኩ። «ሃምሳ አለቃ!» ማን ይሰማኛል? ሰፈሩ ሁሉ ይጮሃል። ልዝለል ብል ከስር የድንጋይ ክምርና የጎረቤት ሽቦ አጥር ነው። ድምፄን ከፍ አደረግኩት። «ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ጎረቤት!»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ለቅሶው የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ቀና አሉ። አንደኛዋ እኔን ስታይ ደረቷን መታች። «አይዞህ የኔ ልጅ» አለችኝ እንባዋ እየወረደ። «እናት ማለት ነበሩ። ለሁላችንም እናት ማለት ነበሩ።»

«እሱማ... እትዬ፣ እኔ መሰላሉን—»

«እሳቸውማ መሰላሉን ወጡት!» አለችና አዲስ ለቅሶ አነሳች። «የቀረነው እኛ ነን እንጂ እሳቸው ወጡት!»

በዚህ ላይ ምን ይመለሳል? ሰው በሐዘኑ እንዲህ ያለ ቃል ሲያወጣ «የለም፣ የእድሩን የእንጨት መሰላል ነው የምልሽ» ይባላል? «እግዜር ያጽናን» አልኩ። «እግዜር ያጽናህ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባለፉት ሁሉ ላይ ጮኼያለሁ፤ የጮህኩትን ያህል አጽናንተውኛል። ልጠይቃቸው ልጠይቃቸው ስል የቀደሙኝ እማማ ናቸው እኮ፤ በደጃቸው ሳልፍ እንኳ ነገ እገባለሁ እያልኩ ፈጠን የምል ሰው፣ አሁን ከጣሪያ ላይ የሰፈሩ ቀንደኛ አልቃሽ ሆንኩ።

ከድጡ ወደ ማጡ እንዲሉ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮ ሲረጥብ እንዴት እንደሚያንሸራትት አትጠይቁኝ። ወደ ኋላዬ ስሳብ፣ ጎማውን ይዤ፣ እሱን ተደግፌ ቁጭ ስል፣ ለካስ በትክክል ቀዳዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ከላይ የሚወርደው ውሃ ወገቤን እየመታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈላል። በኋላ እንደሰማሁት ልጄ ዝናቡን ሸሽቶ ቤት ገብቶ፣ እንደለመደው ሳፋውን ሊደቅን ሲሄድ አንዲት ጠብታ አጥቷል። አባቱ ጣሪያውን ጠግኖ የወረደ መስሎት ኩራት ተሰምቶት ነበር አሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ከሥራ የማመልጠው በሌላ ሥራ ነው። ጣሪያ ላይ ግን ሌላ ሥራ የለም። የሚወለወል ጫማ የለም፣ የሚሳል ቢላ የለም፣ የሚጠየቅ ዘመድ የለም። እኔ፣ ሁለት ምስማርና ድንጋይ። ቁራጮቼን ሁሉ በቅደም ተከተል ለመጨረስ ብል የምስማር ዋጋ ገና አልጠየቅኩም፤ ስለ መዶሻም አልወሰንኩም። ብርዱ ግን ጠናብኝ። እጄ ራሱ ሄዶ አንዱን ድንጋይ አነሳ። መታሁ። አንደኛው ምስማር እየተንጠራራ ገባ! ሁለተኛውን ስመታ አውራ ጣቴን አገኘሁት፤ ስደግም ምስማሩ ተጣመመ፤ ስመልስ ጣቴን ደገምኩት። «ወይኔ!» አልኩ። ይህቺኛዋ የእውነት ነበረች።

ቆርቆሮ በድንጋይ ሲመታ ድምፁ ሰፈር ያሻግራል። ለቅሶ ቤት ያለው ሰው «ወይኔ!» የሚለውንና የቆርቆሮውን ድምፅ አንድ ላይ ሰማ። የሰሙት ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ምን ብለው እንዳወሩ አይጠፋችሁም። ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጎረምሶቹ መሰላሉን ተሸክመው፣ ልጆች ከኋላ ተከትለው ቅያሱን ሞልተው መጡ።

«ያዙት! ራሱን ሊጥል ነው!» አለ አንዱ።

«ልጄ፣ ሞት ለማንም የማይቀር ዕዳ ነው» አሉ ቄሱ ከስር ቀና ብለው። «ሐዘን በልክ ነው። ድንጋዩን አስቀምጥና ውረድ።»

«አባቴ፣ ምስማር እየመታሁ ነው።»

«አዎን፣ አዎን» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ለታመመ ሰው በሚባልበት ለስላሳ አነጋገር። «ምስማር ነው። ምስማር እየመታህ ነው። በል አሁን ውረድ።»

ሃምሳ አለቃ ወጡ። ጎማውን አዩ፣ የተጣመመውን ምስማር አዩ፣ ከኪሴ ብቅ ያለውን ቀይ የተጻፈበት ደብተር አዩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መዶሻ የለህም?» አሉኝ።

«እሱ ለሌላ ቀን ነበር።»

«ሠራዊት ውስጥ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ» አሉ። ቀሪውን ዋጡት። ክንዴን ይዘው በደረጃው ላይ እግሬን እያስቀመጡ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እንደ ሕፃን አወረዱኝ።

አላለቀም። በጋቢ ጠቅልለው ወደ ድንኳኑ ወሰዱኝ፤ የሟቿ ልጅ አጠገብ አስቀመጡኝ። ልጅቷ ጣቴ ላይ ያለውን ደም አይታ እጄን በሁለት እጇ ይዛ «እናቴን እንዲህ እንደምትወዳት አላወቅንም ነበር፤ ይቅር በለን» ብላ ተንሰቀሰቀች። አያችሁ? ይቅርታ እኔ ተጠየቅኩ። ንፍሮውን አንገቴን ደፍቼ ቃምኩ። ከየአቅጣጫው «ጨዋ ሰው ነው»፣ «ዝምተኛ ነው እንጂ ልቡ የዋህ ነው» ይባላል። መሬት ተሰንጥቆ ይዋጠኝ የምትለዋን ነገር የፈጠራት ሰው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲቅም እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች መንገድ ላይ ነገሯት፤ «ባልሽ እማማን ብሎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ድንጋይ ይዞ፣ አይጣል ነው!» ገብታ አየችኝ። ጋቢውን አየች፣ ጣቴን አየች፣ በጣቴ ላይ የቀረውን ዝገት አየች። ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠችና ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ አቀረቀረች። ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። «እሷንም ነካት» ብለው ጎረቤቶች ጀርባዋን ያሻሹላት ነበር። እኔ ያን ትከሻ አውቀዋለሁ፤ እየሳቀች ነበር።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሃምሳ አለቃ ሳንጠራቸው መጡ፤ መሰላሉን በአንድ ትከሻ፣ መዶሻውን በእጅ። የተጣመመውን ነቀሉ፣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በካትራሜ ደፈኑ፣ አዲስ ምስማር ከነጎማው በጉብታው ላይ መቱ። አቦሉን ጠጥተው ወጥተው ለቶናው ደረሱ። ባለቤቴ ስኒውን ስታቀብላቸው «ስንት ቁራጭ ሆነ?» አለቻቸው፤ አልገባቸውም።

አሰልጣኙ ውጤታችንን ሲጠይቅ እኔ እጄን አወጣሁ። የጣሪያዬ ማፍሰስ ቆሟል አልኩ። አስጨበጨበልኝ። ስለ ለቅሶው አላነሳሁም፤ እሱም አልጠየቀም። ደግሞ አልዋሸም እኮ፤ ሥራን መቆራረጥ ደህና ነገር ነው። የእኔ ችግር ቁራጮቹን ሁሉ ከምስማሩ ወዲህ መደርደሬ ነው፤ ምስማሩን የምትነካዋ አንዲት ቁራጭ ከደብተሩ ጀርባ፣ ህዳጉ ላይ ቀርታ ነበር።

ስለዚህ ከእናንተ መሀል ዘንድሮም ጣሪያው የሚያፈስበት ካለ፣ መሰላል ተውሶ ከመውጣቱ በፊት ከሰፈሩ የታመመ ሰው እንዳለ ይጠይቅ። ካለ ደግሞ መጀመሪያ ሄዶ ይጠይቃቸው፤ ከዚያ «ማየት ብቻ» ቢሆንም እንኳ መዶሻውን ይዞ ይውጣ።